እናቴ ያጠነጠነችው ካሴት

ልጄ ቃልኪዳን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሳሎን ተቀምጣ ጊታር ትነካካለች። እኔ ጓዳ ሆኜ ድንች እልጣለሁ። እዚህ እንጅባራ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የቀረው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ሦስቱም ሴት ልጆች ጊታር ይመታሉ፣ ሦስቱም ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል፣ ሦስቱም አንድ ላይ ነው የሚናገሩት።

«የላክሁልሽን አልበም ሰማሽው?» ትላለች አንደኛዋ።

«ኔትወርክ የት አለና ላውርደው!»

«እንግዲያው አሁን ከኔ ስልክ ስሚ። አራተኛውን። ጊታሩ ሲገባ ጸጉርሽ ይቆማል።»

«የኔን ሳትሰሚ ያንችን አልሰማም!» ትላለች ልጄ።

እንደ ድንበርተኛ ገበሬ ተያያዙ። ጊታር የሚነካ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው መሰለኝ። የራሱን ተጫውቶ ሳይጨርስ «እስቲ ይኸን ስማ» ይላል። እኔም በሆዴ እየሳቅሁ ስልጥ፣ አንዷ «ይኸን እንጨርስና ወደ ማዶ እነ ሊዲያ ቤት እንሂድ» ስትል ሰማኋት። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ፈሪ ነኝ። ባጃጅ ሲታጠፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሆነ ሰው የሞተ ይመስለኛል። ልጄ ከበር ስትወጣ ልቤ አብሯት ይወጣል፣ ስትመለስ ነው የሚመለሰው። ያለንበት ጊዜም ፈሪን የሚያደፋፍር አይደለም። ሆኖም «አራተኛውን ስሚ» የምትለዋ ቃል ይዛኝ ሄደች። ዳንግላ ወሰደችኝ፤ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ወንድሜ ወደ አለኸኝ።

እናቴ ዳንግላ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። ሻይ ቤት ካሉት ነው እንግዲህ፤ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ ቴፕ። ጠዋት ሻይና ቂጣ፣ ከሰዓት ደግሞ የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ ባዋዜ። ደጃፉ ላይ ጋሪዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። የፈረስ ላብ፣ የጭቃና የበርበሬ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ነበር በበሩ የሚገባው፤ እስካሁን ፈረስ ሳይ አዋዜ ያምረኛል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ እዚያ ብርጭቆ አጥብ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ትምህርቴን ያስተማረኝ ቴፑ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ነፍስ ሲዘራ እንመልሰዋለን።

አለኸኝ የእናቴ በኩር ነው። ጊታር ይነካል። ጊታሯ ከቀበሌ ኪነት የተረፈች ነበረች፤ ሆዷ ተሰንጥቆ በቆዳ የተለጠፈ፣ ወፍራሙ ክሯ ተበጥሶ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ የተተካ። እንዲያም ሆና ስትጮህ ታምር ነበረች።

እንጅባራ ደግሞ ይበልጣል የሚባል ጊታር መቺ ነበር። ወንድሜና እሱ አንድ ሠርግ ላይ ተዋውቀው ወዳጅ ሆኑ። በአካል ብዙም አይገናኙም፤ የሚነጋገሩት በካሴት ነው። አንዱ የወደደውን አልበም ለአውቶቡስ ሾፌር ይሰጣል። ሾፌሩ እናቴ ባንኮኒ ላይ ያኖረዋል፣ ወንድሜ ያነሳዋል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራም እንዲሁ።

አሰጣጡ ሥርዓት ነበረው። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሶ መላክ አይሆንም። ጊታሯ የምታለቅስበት ወይ የምትስቅበት ቦታ ላይ ያደርሱትና እዚያው ያቆሙታል፣ እንደቆመ ይልኩታል። የተላከለት ሰው ቁልፏን ሲጫን ወዳጁ የመረጠለት ቦታ ወዲያው ይጀምራል። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። «ይህችን ወደድኩልህ» ማለት በቃ ይኸው ነበር።

ሁልጊዜ ግን አይስማሙም። ሾፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ፣ «አለኸኝ! ይበልጣል፣ 'ያ የባለ ባርኔጣው ዘፋኝ ካሴትህ ጆሮዬን አሳመመኝ' ብሎሃል!» ይላል።

«'ጆሮውን ይታከምና እንደገና ይስማው' በልልኝ!» ይላል ወንድሜ።

መናኸሪያው ሁሉ ይስቃል።

በዚያ ዓመት ግን ሳቁ አነሰ። ሻይ ቤቱ አልሄድ አለ፤ አለኸኝም ሥራ አጣ። አንድ ቀን ድንች እየበላን፣ «ክረምቱ ሲገባ መተማ ወርጄ ሰሊጥ አርማለሁ» አለ። እናቴ የያዘችውን ድንች መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ያለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ እንዲሁ ብሎ ወርዶ ወባ አስቀርታዋለች። የመጣው ልብሱ ነው፤ ጓደኞቹ በፌስታል ይዘውት መጡ። ያን ፌስታል ዓይቻለሁ። ፍርሃት የሚሉት ነገር እኔ ቤት የገባው በዚያ ፌስታል ነው ብል አልዋሸሁም።

ፋሲካ እንዳለፈ ይበልጣል መልእክት ላከ። እንጅባራ ትልቅ ሠርግ አለ፤ ዘፋኙ ሁለተኛ ጊታር መቺ ይፈልጋል፤ ሠርጉ ላይ ከተወደደ ክረምቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል። ሾፌሩ ካሴቱን ለእናቴ ሰጥቶ አደራውን እንዲህ አለ፤

«ካቆምኩበት የሚጀምረውን ዘፈን ይያዘው ብሏል። ሠርጉ የሚከፈተው በዚያ ነው። ዘፋኙ ፊት እንዳያሳፍረኝ ብሏል።»

አለኸኝ በዚያን ዕለት ከተማ አልነበረም። ድንች ሊተክል ገጠር አያታችን ዘንድ ወርዷል። እኔም ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ስለዚህ ካሴቱ ከእናቴ ጋር ብቻውን ቀረ።

እናቴ ፈታይ ናት። ደንበኛ ከሌለ እንዝርቷ ከእጇ አይለይም። ክር ግማሹ እንዝርት ላይ፣ ግማሹ ልቃቂት ላይ ሆኖ ካደረ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ተነስታ ትጨርሰዋለች። ያን ቀን ካሴቱን ልትወለውል አነሳችው፣ በመስኮቷም ወደ ውስጥ አየች። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ! «የሰው ልጅ ፈትሎ እንዲህ ይተዋል?» አለች። የሾፌሩን አደራ አልረሳችም፤ 'ካቆምኩበት' ማለት ከክሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ነው ያልታያት። እስክሪብቶ አምጥታ ቀዳዳው ውስጥ ሰካችና፣ ጥሬ ክር እንደምትሰበስብ ሁሉ ቀስ አድርጋ፣ ሳታላላ፣ ሁሉንም ወዳንድ ወገን አጠነጠነችው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

አለኸኝ ከገጠር ሲመለስ እናቴ አደራውን ነገረችው፤ እግሩን ሳይታጠብ ቴፑ ጋ ሄደ። ቁልፏን ተጫነ። ዘፈኑ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዘፈን፣ ያውም ዝግ ያለ፣ ተለይታው የሄደችን ልጅ እየጠራ የሚያነባ።

«ይኸ ለሠርግ?» አልኩት።

«ዝም በይ አንች። ይበልጣል ያየው ነገር አለ።»

ደግሞ ሰማው። ግንባሩን ቋጠረ። በሦስተኛው፣ «ይታይሽ፣ ከግጥሙ ኋላ የምትሾልከዋን ጊታር ሰማሻት?» አለኝ። በማግስቱ፣ «አይ ይበልጣል፣ ምን ዓይነት ጆሮ ነው የሰጠው!» ማለት ጀመረ። ሰው የሚያከብረው ሰው 'ስማው' ካለው ሙሾም ይጣፍጠዋል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ጣፈጠኝ። ብርጭቆ ሳጥብ አንጎራጉረው ነበር። አለኸኝ እስከ ሠርጉ ድረስ ያችን ዘፈን መታት፤ ጣቱ ቆሰለ፤ ገና ስትጀምር የምታስለቅስ ሆነች።

ሙሽራዋ የእናቴ የሥጋ ዘመድ ስለነበረች እኛም ተጠርተናል። ሻይ ቤቱን ዘግተን በአውቶቡስ ሄድን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር አዲስ ቅዳምን አልፈን ስንወጣ የታረሰው መሬት ጥቁር ሆኖ ያበራል፤ ብርዱ በመስኮቱ ይገባል። አለኸኝ ጊታሯን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፏታል። እናቴ መንገዱን ሙሉ መቀነቷን ትፈታለች፣ ታስራለች። የምታስበውን አውቅ ነበር፤ እኔም የማስበው ያንኑ ነው። ዛሬ ካልሆነ መተማ ነው።

ዳሱ ጢም ብሏል። ውጭ የሚዜዎቹ ፈረሶች ቀይ ዘርፍ አንጠልጥለው መሬቱን ይቆፍራሉ። ሙሽሮቹ ገብተው ተቀመጡ። ዘፋኙ፣ ወፍራምና ቁጡ የሚመስል ሰው፣ ማይኩን መታ መታ አደረገና ለሁለቱ ጊታር መቺዎች ራሱን ነቀነቀላቸው።

ይበልጣል ፈጣኑን የሠርግ ዘፈን ጀመረ። ወንድሜ ደግሞ ያችን ልቅሶዋን።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም። በሬና አህያ አንድ ላይ የተጠመዱ ይመስላል። አንዱ ፈረስ አኮበኮበ። ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ እንዳነሳ ቀረ። ሁለቱም አቆሙ፤ ደግሞ ጀመሩ፤ ያው ሆነ። ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ፣ «ኧረ ልጆች፣ ሙሽራዋ በሕይወት አለች እኮ!» አሉ።

«ምንድን ነው የምትመታው ወዳጄ?» አለ ይበልጣል።

«አንተ ያቆምክባትን ነዋ!»

«እኔ ያቆምኩት ሦስተኛዋ ላይ ነው!»

«በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ካሴቱ መጀመሪያው ላይ ነበር!»

ዘፋኙ ፊቱ ተለወጠ። «በሉ አንዳችሁ ውረዱ» አለ። ዓይኑ ወንድሜ ላይ ነው። አለኸኝ ጊታሯን ከትከሻው ማውረድ ጀመረ። እኔ ፌስታሏ ታየችኝ።

ያን ጊዜ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት።

«ማንም አይወርድም!» አለች። «ካሴቱን ያጠነጠንኩት እኔ ነኝ። ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሆኖ ሲጉላላ አየሁትና ሰበሰብኩት። ያልተሰበሰበ ክር ለሰው ይሰጣል? ነውር ከሆነ እኔን ቅጡኝ። ልጄን ግን ቆላ አትስደዱብኝ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ሙሽራዋ ናት። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ መቀመጥ ነበረባት፤ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ዓየናት፣ ከዚያ አፏን ይዛ ሳቋን ለቀቀችው። ዳሱ ተቀበላት። «እሰይ የኔ ፈታይ!» አለች አንዷ ሴት። እኒያ ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። ይበልጣል መሬት ቁጭ ብሎ ነው የሳቀው።

ሲነሳ ወንድሜን ትከሻውን ያዘው። «የኔን አታውቃትም። ያንተን ግን እኔም አውቃታለሁ፣ ጋሼ ዘፋኙም ያውቃታል። በል ሙሾህን አስሩጣት!»

አለኸኝ አስሮጣት። ያችው ዘፈን ናት፤ ግን ልጅቷ እየሄደች መሆኗ ቀርቶ እየመጣች መሰለች። ከበሮው ገባበት። ዘፋኙ ትንሽ አንገራገረና ግጥሙን አነሳ፤ 'ሄደች' የሚለውን 'መጣች' እያደረገ። ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። እናቴን ብታዩአት! ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ከሙሽራዋ እናት ፊት ለፊት ትከሻዋን ታራግፈው ገባች።

ምሳ ስንበላ ይበልጣል አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠ። «አለኸኝ፣ ያችን ዘፈንኮ ሁልጊዜ እዘላት ነበር» አለ። «ካሴቱ የኔ፣ ስማ ያልኩት እኔ፣ የሰማሁት ደግሞ ካንተ።» ዘፋኙ ጮማውን እያላመጠ በጎን አዳመጠና፣ «ሰኞ ሆቴሉ ጋ እንገናኝ» አለ ለወንድሜ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ግን ካሴት እንዳይነኩ» አላት።

ያን ክረምት አለኸኝ መተማ አልወረደም። እዚሁ እንጅባራ ኖረ፣ እዚሁ አገባ፣ ለልጄ ጊታር ያስተማራትም እሱ ነው። ሾፌሩ ግን ከዚያ በኋላ ካሴት ባመጣ ቁጥር ገና ከሩቅ፣ «እትዬ! አይነካም!» ብሎ ይጮህ ነበር። እናቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለት እጇን ወደኋላ አድርጋ ካሴቱን እየገላመጠች ታየው ነበር። አላስችል ይላታል።

ለብዙ ዓመት ያን ቀን ሳስታውስ 'እናቴ ምን ዓይነት ደፋር ናት!' እል ነበር። ልጅ ወልጄ ሳሳድግ ነው የገባኝ። ድፍረት አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው ፊት ያስነሳት ፍርሃቷ ነው። ሌላ ምን ያስነሳታል? ይህን ካወቅኩ ወዲህ በራሴ ፍርሃት ብዙም አላፍርም፤ ለሥራ እንዲውል ነው የምፈልገው።

ድንቹን ጥጄ ወደ ሳሎን ብቅ አልኩ። ልጆቹ አሁንም አልተስማሙም። ጫማቸውን ግን ማሰር ጀምረዋል።

«እማ» አለች ቃልኪዳን፣ «አንችስ? ከሰማሽው ሁሉ የትኛውን አልበም ስሙ ትይናለሽ?»

ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጊታር መቺዎች መካከል ኖሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወንድሜም ይበልጣልም ካሴቱን በፊቴ ነበር የሚያሳልፉት፤ ሁሉንም ግን ከነሱ እኩል ሰምቼዋለሁ። ሦስቱም ጣታቸውን ከጫማቸው ማሰሪያ አንስተው የምናገረውን ይጠብቃሉ። ብዙ መጣልኝ። ባለ ባርኔጣው መጣልኝ፤ ያችም የተጠነጠነችው መጣችልኝ። ደጁን አየሁ፤ ደመናው በጥርባ በኩል እንደገና ጠቁሯል። ወደ ማዶ የሚወስደውን መንገድም አየሁ።

«አለ አንድ» አልኳቸው፤ «ግን ከመሐል ከተነሱ አይሆንም። እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ነው የሚሰሙት።»

ጫማቸውን አወለቁ። እኔም ከማውቃቸው ሁሉ በጣም ረጅሙን ነገርኳቸው።