ማመልከቻው ውስጥ ያላስገባሁት

መሳለሚያ አጠገብ፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት በምሠራበት ጠባብ ክፍል ብዙ ሰው አቤቱታውን ነግሮኝ አልፏል። የአብዛኛውን ረስቻለሁ። የአንዲት ሴትዮ ግን አልወጣልኝም።

ቅመም ነጋዴ ናቸው። ያለ ወቅቱ የጣለው ዝናብ ጎርፍ አምጥቶ ሱቆቹን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ የቅመም ተራው ነጋዴዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተረቀቀው ሕግ ቶሎ እንዲጸድቅ ለምክር ቤት ተመራጫቸው ሊጽፉ ተስማሙ፤ እሳቸውን ወከሉ። አጠገቤ ተቀምጠው ያስጽፉኝ ጀመር። ስለ ተደፈነው ቱቦ፣ ስለ ተበላሸው ዕቃ ነገሩኝ። ቀጥለው፣ «እህቴን ውሃው ይዟት ሲሄድ ስሜን ትጠራ ነበር በይ» አሉኝ።

ጣቴ ቆመ። «እትዬ፣ ለመንግሥት እንዲህ አይጻፍም» አልኳቸው። «በሰውና በንብረት ላይ ጉዳት ደርሷል ብንል ይሻላል።»

«አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አሉና ፈረሙ።

ከሳምንታት በኋላ ተመራጩ ነጋዴዎቹን በወረዳው አዳራሽ ሰበሰቧቸው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አብሬ ሄድኩ። ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ረቂቁ በኮሚቴ እየታየ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል» አሉ። «ደግሞ የሰው ጉዳት የምትሉት ምንድን ነው? የቆሰለ አለ?»

ሴትዮዋ ዞረው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንድናገርላቸው የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ወለል ወለሉን አየሁ። በመጨረሻ ራሳቸው ተነሡ። እህታቸው የት ቆማ እንደነበር፣ ስንቴ እንደጠራቻቸው፣ እሳቸው የሱቁን በር የሙጥኝ ብለው ሊደርሱላት እንዳልቻሉ አንድ በአንድ ተናገሩ። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀርባለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ሕጉ እስካሁን አልወጣም። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር፣ መልኳን አይቼ የማላውቃት ሴት ስትጣራ እሰማለሁ፤ የምትጠራው ደግሞ የእኔን ስም ነው። ከኪቦርዱ ላይ ቀና እላለሁ። በሩ ላይ ማንም የለም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ባለፈው ሰኞ ሴትዮዋ ሁለተኛ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። «የማይሆን ነገር ካለበት ንገሪኝ» አሉ።

«የለም እትዬ፣ ይቀጥሉ።»

እህታቸው ስማቸውን መጥራቷ ሳይቀር ገባበት፤ ሦስት ገጽ ሞላ። ክፍሌን ዘግቼ ፊርማ ለማሰባሰብ አብሬያቸው ወጣሁ። አንዳንዱ ነጋዴ ዕቃውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ አንዳንዱ እሳቸውን አይቶ ብቻ ፈረመ።