ባለቤት ያለው ዋንዛ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ከቤቴ አጥር ጋር ተያይዞ ሙአዝ የሚባል ወጣት አናጺ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማሽኑ ቀን ሙሉ ሲጮኽ ስለሚውል ጎረቤቶቼ ያማርራሉ። እኔ ግን የአናጺ ልጅ ነኝ፤ የሰጋቱራ ሽታ እንኳን ሊያስመርረኝ እንቅልፌን ነው የሚያመጣልኝ። ባለፈው ማክሰኞ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የሙአዝ በር ላይ አንድ አሮጌ የአልጋ ራስጌ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አየሁ። ቫርኒሹ ጠቁሯል፣ አንዱ ጠርዝ ተልጧል። ላልፍ ስል ዓይኔ መሐሉ ላይ የተቀረጹት ሁለት ወፎች ላይ አረፈ። ከዚያ ዳቦዬን እንደያዝኩ የጣውላው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ሙአዝ ማሽኑን አጥፍቶ “ማዘር፣ አመመዎት እንዴ?” አለኝ። አላመመኝም። የአባቴን እጅ ነበር ያየሁት።

ነገሩ የሆነው ማትሪክ በወደቅኩበት ዓመት ነው። ውጤቴ የተጻፈባትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፌ ጫማዬ ውስጥ ከትቼ ነበር ወደ ቤት የገባሁት፤ ምን እንደሚጠቅመኝ እንጃ፣ አባቴ ፊቴን አይቶ ጨርሷል። ጓደኞቼ በየአቅጣጫው ሲበተኑ እኔ ዓመት ጠብቄ እንደገና መፈተን ነበረብኝ። እናቴ ገና በልጅነቴ ስላረፈች ቤቱ ውስጥ የነበርነው አባቴና እኔ ብቻ ነን። መስከረም አበባውን ይዞ ገባ፣ እኔ ብርድ ልብሴን ይዤ ተኛሁ። ምግብ ሲቀርብ እበላለሁ፣ ሲያናግሩኝ እመልሳለሁ፣ ከዚያ በቀር የምፈልገው ነገር አልነበረም። አሁን ሳስበው ያን ያህል የሚያስተኛ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ዕድሜ ግን የዓለም መጨረሻ በጣም ቅርብ ነው።

አባቴ ሄርማታ ገበያው አጠገብ የአናጺ ሱቅ ነበረው። ወንበር፣ ቁም ሣጥን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሙሽራ አልጋ ይሠራል። በመላጊያም ሆነ በመሮ የሚስተካከለው አልነበረም፤ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። የዘመኑ ሙሽሮች ራስጌው ላይ ወፍ ይፈልጋሉ፣ የአባቴ ወፍ ደግሞ ሁልጊዜ ዶሮ ይሆናል። የሱቅ ጎረቤቶቹ “ተካ፣ ይቺኛዋስ እንቁላል ጀመረች?” እያሉ ያሾፉበት ነበር። አንድ ቀን ማታ ትእዛዝ የሚጽፍበትን ባለ ካሬ ደብተርና ጫፏ የተነከሰ እርሳሱን አልጋዬ ላይ አስቀመጠ። እቤት መዋሌ ካልቀረ ወፍ እንድመለከትለት፣ የማየውንም እንድስልለት ጠየቀኝ። ሥዕል ስለምወድ ብቻ አልነበረም የጠየቀኝ፤ ይህን የተረዳሁት ግን በጣም ቆይቼ ነው።

ከአጥራችን ጀመርኩ። ዋኔዎች ነበሩ፣ ጎጇቸውን ከዛፍ ላይ የሚያንጠለጥሉ ቢጫዎች ነበሩ፣ አበባ ውስጥ ምንቃራቸውን ነክረው የሚመጥጡ፣ ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቃቸው ብልጭልጮችም ነበሩ። ማታ ማታ ደብተሩን ለአባቴ አሳየዋለሁ። እሱ ምንቃር አያይም፣ ክንፍ አያይም። ጣቱን ከሥዕሉ ሥር አድርጎ “እግሩስ?” ይለኛል። ለቀራጭ ዋናው እሱ ነው፤ ወፉ ቅርንጫፉን እንዴት እንደጨበጠ ካላወቀ እንጨቱ ላይ ያስቀመጠው ነገር ሁሉ የሚወድቅ ይመስላል። እኔ ደግሞ እግር አላስተውልም ነበር። በማግስቱ እግር ለማየት እንደገና እወጣለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከአጥሩ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ቦዬ ረግረግ ድረስ ደረስኩ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ከመንገድ የገዛሁትን የበቆሎ እሸት እየፈለፈልኩ ስመለስ የምግብ ፍላጎቴም አብሮኝ ተመለሰ።

ኅዳር ላይ አባቴ የቡ ወደምትባል የቡና አገር ይዞኝ ሄደ። በአጋሮ መንገድ ነው፤ አቧራው ቅንድባችንን ቀይ ቀብቶት ደረስን። አባ ቢያ የሚባሉ ሽማግሌ የቡና ማሳ ውስጥ አንድ ዋንዛ ነበር። አባቴ ያን ዛፍ ሦስት ዓመት ጠብቆታል። ቡና የሚያጠላ ዛፍ እንደ ተፈለገ አይቆረጥም፤ ቡናው ቀልቶ ሳለ ቢወድቅ ፍሬውን ያረግፋል፣ አብቦ ሳለ ቢወድቅ የመጪውን ዓመት ቡና ይዞ ይሄዳል። የሚቆረጠው ለቀማው አልቆ አበባው ሳይመጣ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። አባቴ ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ ሦስት ጊዜ መታና ጆሮውን ቅርፊቱ ላይ አስደገፈ። ዛፍ ሲገዛ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ ውስጡ ጤነኛ ይሁን ባዶ በድምፁ ያውቀዋል። ፊቱ በራ። ሐጂ ኑሬ የተባሉ የሄርማታ ነጋዴ ለልጃቸው ሠርግ ሙሉ የመኝታ ቤት ዕቃ አዝዘውት ነበር፤ ለዓመት ጥር እንዲደርስ እንጨቱ በዚህ በጋ ተሰንጥቆ ጥላ ሥር መድረቅ አለበት። ቃሉን ሰጥቷል፣ አባቴ ደግሞ ቃሉን ሰጥቶ ያጠፈበት ጊዜ የለም።

እኔም ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የቡ መዋል ጀመርኩ። የአባ ቢያ ባለቤት የተቀቀለ ጎደሬ በቅቤና በሚጥሚጣ ይሰጡኛል፣ እኔ ቡናው ሥር ተቀምጬ ወደ ላይ አያለሁ። ሶሪት የምትባለው አረንጓዴ ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል፣ ክንፏን ስትከፍት ያ የተደበቀው ቀይ ድንገት ሲወጣ የመጀመሪያ ቀን እርሳሴን ጥያለሁ። ጥር ላይ ደግሞ እነዚያ ሁለት ወፎች መጡ። ትላልቅ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃራቸው ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነባቸው የሚመስሉ። ስማቸውን ስላላወቅኩ ወንዱን “ባለ ቆቡ” አልኩት። ሲበር ክንፉ የአባቴ መላጊያ እንጨት ላይ ሲሄድ የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል። ዋንዛው ላይ፣ ግንዱ ለሁለት ከሚከፈልበት በላይ አንድ ጉድጓድ ነበር። ሴቷ እዚያ ገባችና አልወጣችም። አፉን በጭቃ ለሰኑት፤ እሱ ከውጭ ያቀብላል፣ እሷ ከውስጥ ትመርጋለች። በመጨረሻ ጣት የምታህል ስንጥቅ ብቻ ቀረች። በዚያች ስንጥቅ በኩል ባለ ቆቡ ቀን ሙሉ የሾላ ፍሬ ከጉሮሮው እያወጣ አንድ በአንድ ያጎርሳታል። ለአባቴ ሌሎቹን ወፎች ሁሉ ሳሳየው ይህን ገጽ አላሳየሁትም። ያን ዛፍ የአባቴ ሥራ እንደሚጠብቀው አውቅ ነበራ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ አባቴ ጣውላ ሰንጣቂውን ደምሴንና መጋዙን ይዞ መጣ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ደምሴ መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ሽቅብ ቀና አለና ጭቃውን አየ። እዚህ አገር ዛፍ ውስጥ የገባ ንብ ያገኘ ሰው የጉድጓዱን አፍ በጭቃ አጥብቦ ለንቡ መግቢያ የምትበቃ ቀዳዳ ይተዋል፤ ያ ምልክቱ ነው። ባለቤቱ ማሩን ሳይቆርጥ ያን ዛፍ የነካ ሰው ሽማግሌ ፊት መቅረቡ አይቀርም። ደምሴ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ።

“ጋሽ ተካ፣ እኔ የሰው ንብ አልነካም። ይሄ ዛፍ ባለቤት አለው” አለ።

አባ ቢያ ተጠሩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ አዩ። ባለ ቆቡ አሁን እንዳይመጣ ብዬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። ሽማግሌው ከዛፉ ዓይናቸውን አንሥተው ትንሽ እኔን አዩኝና ወደ አባቴ ዞረው “ኦብሳ፣ ተካ። ታገሥ። ሰው እንጠይቅ” አሉ። አባቴ ቀስ ብሎ ወደ ዛፉ ሄደ። እንደ ልማዱ ሦስቴ መታው፣ ጆሮውን አስደግፎ ቆየ። ከዚያ ሳይዞር ጠየቀኝ።

“አንቺ ስታዪው ነው የከረምሽው። ንብ አይተሻል?”

“አይቻለሁ” አልኩ።

በሕይወቴ ለአባቴ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደምሴ መጋዙን ተሸክሞ ተመለሰ። አባ ቢያ በየመስጊዱና በየገበያው የንቡን ባለቤት ያጠያይቁ ጀመር፤ እንደሚጠበቀው ማንም አልመጣም። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ሌሊት ዝናብ ጣለ፣ በቀናት ውስጥ የየቡ ቡና ሁሉ ነጭ ሆነ። ያን ጠዋት አልረሳውም። ሽታው ከመኪናው ሳንወርድ ነው የተቀበለን፤ ንብ የተባለ ሁሉ፣ እውነተኛው ንብ፣ አበባው ላይ ይጮኻል። አባቴ ዳር ቆሞ አየ፣ ከኪሱ ያወጣትን ሜትር አጥፎ መልሶ ከተታት። የዓመቱ የመቁረጫ ጊዜ አልቋል። ያን ያህል ያማረ ጠዋት አይቼ አላውቅም፣ እንደዚያ ያፈርኩበትም የለም።

ሐጂ ኑሬ ዘንድ ራሱ ሄዶ እንደማይደርስለት ነገራቸው። ጨዋ ሰው ነበሩ፣ አላህ ያላለው አይሆንም ብለው ሸኙት፤ ሥራው ግን ለሌላ አናጺ ሄደ። ሄርማታ ውስጥ ወሬ አይቆምም። ተካ በንብ ተባረረ እያሉ ሳቁበት። እሱም አብሮ ይስቃል፣ ማታ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እውነቱን ልነግረው እየተነሣሁ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ አልቆጠርኩትም። የየቡን መንገድ ግን አልተውኩም፤ ሁለት ቀን ሳላይ ከቀረሁ ባለ ቆቡ ሥራውን የሚያቆም ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ከጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ድምፅ መስማት ጀመርኩ፣ የትልቅና የትንሽ። ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም። የሚያሳየው ነገር እንዳለኝ ብቻ ነግሬ አባቴን ወሰድኩት። ጭቃው እግራችንን እየያዘ ገባንና እርጥብ ቅጠል ላይ ተቀመጥን። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ጭቃው ከውስጥ መነቆር ጀመረ። ቁርጥራጩ አጠገባችን ወደቀ። መጀመሪያ እሷ ወጣች፣ ለረጅም ጊዜ ታጥፋ የኖረች ስለሆነች ቅርንጫፉ ላይ ተንገዳገደች። ከኋላዋ ቆብ ያላበቀለ፣ ግራ የተጋባ ፊት ብቅ አለ። ባለ ቆቡ ከላይ መጥቶ አጠገባቸው አረፈ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። ንብ አልነበረም አባባ፣ ዋሽቼሃለሁ፣ ልለው አፌን ስከፍት አባቴ ዓይኑን ከነሱ ሳይነቅል ተናገረ።

“እግሯስ?”

አላወቅኩም። አምስት ወር ሙሉ ምንቃር ነበር የማየው። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን እግሯን አየን፤ ሰፊ ነው፣ ሦስቱ የፊት ጣቶች ከሥር የተያያዙ ናቸው፣ የኋላዋ አንዲት ጣት ቅርፊቱን ቆንጥጣለች። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳልኩት። ስጨርስ ንብ እንዳልነበረ ነገርኩት።

“አውቃለሁ” አለ። “ጆሮዬን አላስደገፍኩም እንዴ? ንብ ያለበት ግንድ ዝም አይልም።”

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። እርሳሱን ከእጄ ወስዶ በቢላዋው መቅረጽ ጀመረ፤ አባቴ ከባድ ነገር ሲናገር እጁ ሥራ ይፈልጋል።

“መስከረም ሲገባ ምንም የማትፈልጊ ልጅ ነበርሽ። ያን ቀን ፊትሽን አየሁት። አንድ ነገር ፈልገሻል። ዋንዛ ሌላ ይገኛል።”

ከዚያ አባ ቢያ ቤት ገብተን ጎደሬ በላን። ሽማግሌው የንቡ ባለቤት ተገኘ ወይ ብለው አባቴን ጠየቁት፤ ተገኘ፣ ከነልጁ፣ አላቸው። ሳቁ። በዚያ ቡና ሥር ስልሳ ዓመት የኖሩ ሰው ወፍና ንብ ይጠፋቸው ኖሯል ወይ ብዬ ራሴን የጠየቅኩት ግን እኔም ስሸብት ነው።

በዓመቱ ፈተናውን አልፌ ለመምህርነት ሥልጠና ከጅማ ወጣሁ። አባቴ በኋላ ከአጋሮ በኩል ሌላ ዋንዛ አገኘ። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ “ወፎችሽን ከራስጌው ጋር ለአንድ የሊሙ ሰው ሸጥኳቸው፣ ማንም ዶሮ አላላቸውም” ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ራስጌው እኔ ሳላየው ሄደ፣ አባቴም ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። የየቡውን ዋንዛ ግን አልቆረጠውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄጄ አየሁት፤ ቆሟል፣ ጉድጓዱም አለ።

ልጅ የወላጁን ፍቅር ሲቆጥር የተሰጠውን ነው የሚቆጥረው፤ የተከፈለለትን ብዙውን ጊዜ አያየውም። እኔ እድለኛ ነኝ፣ አንድ ቀን ጭቃ ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ማክሰኞ ዕለት ጣቴን እነዚያ እግሮች ላይ ሳሳልፍ፣ ሦስቱ ጣቶች ከሥራቸው ተያይዘው፣ የኋላዋ ቅርፊቱን ቆንጥጣ ሳገኛቸው፣ እንደገና አሥራ ስምንት ዓመቴ ሆንኩ። ናፈቀኝ። አባባ ልለው፣ እግሩ ልክ ነው ልለው ፈለግኩ።

ሙአዝ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ሥራውን ያስረዳኝ ጀመር። ቫርኒሹን ይፍቃል፣ የተላጠውን ጠርዝ ይለጥፋል። ከዚያ ከወፎቹ በታች፣ ግንድ ሆኖ በተቀረጸው ላይ ያለችውን ቀጭን ስንጥቅ በጥፍሩ ነካ።

“እዚህች ጋር ተሰንጥቃለች፣ ማዘር። በኮላና በሰጋቱራ እደፍናታለሁ።”

መነጽሬን አስተካክዬ ጎንበስ አልኩ። ስንጥቋ ውስጥ ጥፍር የምታህል የምንቃር ጫፍ ተቀርጻ ወደ ውጭ ብቅ ብላለች።

“ተወው ልጄ” አልኩት። “ባለቤት አለው።”