እትዬ የሺ የዞሩት ሐይቅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ እዚህ ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ከሶሬንቶ ወደብ ወደ ኩዊንስክሊፍ በሚያሻግረው መርከብ ተሳፍሬ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ የናፍጣው ጭስ ፀሐይ ካደረቀው የባሕር አረም ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን መታው። ልጆቹ መስኮት አጠገብ ቦታ ይዘው፣ የድንች ጥብሳቸውን ዘርግተው «ማሚ፣ ሲት ዳውን» ይሉኛል። እኔ ግን የእትዬ የሺ ክንድ በክንዴ የገባ መሰለኝና ቆሜ ቀረሁ።

እትዬ የሺ ልጅ ሳለሁ ሜድስቶን ሰፈር ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። የጎርጎራ ሰው ናቸው፤ ጣናን እያዩ አድገው፣ በሱዳን በኩል ተሰደው፣ ዌሪቢ ባለ መጋዘን ጎመንና ብሮኮሊ ያሽጉ ነበር። ቀጭንና አጭር ሆነው ሳለ ሲራመዱ ግን ማንም አይደርስባቸውም።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ መኪና ገጨኝና ቀኝ እግሬ ውስጥ ብረት ገባ። ሐኪሞቹ ድኗል፣ ትሂድበት አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ያለ ክራንች አንድ እርምጃ ብራመድ እግሬ እንደ ሸንበቆ ቀጭ የሚል ይመስለኝ ነበር። ወራት አለፉ። እናቴ በር ዘግታ ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ ክራንቼን ግን አልጥልም።

እትዬ የሺ የተሳሉት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥተው ዌሪቢ ሳውዝ ውሃው ዳር ቆሙ። ሰማዩ ጥርት ብሎ የማዶው ተራራ ይታያል። ማዶው የሚታይ ውሃ ደግሞ ለእሳቸው ሐይቅ ነው። «ሚካኤል ሆይ፣ ይቺን ልጅ በእግሯ ካስኬድክልኝ፣ ይዣት ይህን ሐይቅ በእግሬ እዞረዋለሁ» ብለው ተሳሉ። እናቴ ነገሩ ባሕር እንደሆነ፣ ውሃው ጨው መሆኑን ብትነግራቸው «አፍዴራስ ጨው አይደል? ሐይቅ መሆኑ ቀረ?» አሏት።

ስለት የሚገባው የለመኑት ከደረሰ በኋላ ነው። እሳቸው ግን መጠበቅ አላስቻላቸውም። «ሚካኤል ሥራ ይበዛበታል፤ እኛ እንጀምርለት» አሉና በመጀመሪያው ቅዳሜ ከነክራንቼ ይዘውኝ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እናቴ ሺፍት ስትገባ፣ በባቡርና በአውቶቡስ ሄደን ባለፈው ካቆምንበት እንቀጥላለን። ያቆምንበት ቦታ እንዳይጠፋ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። አንድ ጊዜ ክሩን ነፋስ ወስዶት ስናጣው፣ «በግምት ስለት የለም» ብለው ወደ ፊተኛው ክር መለሱኝ። እኔ በእንግሊዝኛ አጉረመርማለሁ፤ እሳቸው ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዱ ምንም እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

የቪክቶሪያን ታሪክ ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእሳቸው ጋር ነው የተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንም። ሰሌዳ ባዩ ቁጥር «አንብቢልኝ» ይሉኛል። ዊሊያምስታውን ላይ ለመርከበኞች ሰዓት ይነግር የነበረውን የድንጋይ ግንብ አጨብጭበው አደነቁ። ብራይተን የባሕር ዳርቻ ላይ የተደረደሩትን ባለቀለም ጎጆዎች ሲያዩ ግን «ይህን ሁሉ ቤት ሠርተው ማንም አያድርበትም?» ብለው ተናደዱ። ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ከሶሬንቶ አልፈን ፖይንት ኒፒያን ደረስን። እዚያ ድሮ በመርከብ የመጡ ስደተኞች በሽታ ሲገኝባቸው ተለይተው ይቆዩ እንደነበር አነበብኩላቸው። አሮጌዎቹን ሕንፃዎች ቆመው ሲያዩ ቆዩና «እነሱም በካምፕ አልፈዋል በይኛ» አሉ።

ከዚያ ምድሩ አለቀ። በስተግራችን ውቅያኖሱ ማዶ የለሽ ሆኖ ተዘረጋ፤ ከፊታችን ደግሞ ውሃው በሰፊ በር እየተገፋ ይገባል። እትዬ የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ተቀመጡ።

«ሐይቅ አይደለም ለካ» አሉ።

ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ከሁለቱ ክራንቾች አንዱን ትቼ ነበር። ስለቱ ከተቋረጠ ሁለተኛውን መቼም እንደማልጥል ልቤ አምኗል። እሳቸው እንባዬን በነጠላቸው ጠረጉና «ይህን በር በመርከብ እንሻገረዋለን» ብለው ተነሡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሶሬንቶ ወደቡ ላይ ክሩን አሰሩ። መርከቡ ሲንቀሳቀስ አልተቀመጡም፤ የላይኛውን ወለል መዞር ጀመሩ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ!» አልኳቸው፤ ሰው እያየን አፍሬ።

«የንስሐ አባቴም ደውዬ ብጠይቃቸው ተቀመጪ አሉኝ። እኔ ግን ለሚካኤል የነገርኩት እዞራለሁ ብዬ እንጂ እቀመጣለሁ ብዬ አይደለም።»

መሃል ላይ ስንደርስ ማዕበሉ መርከቡን ይንጠው ጀመር። የእትዬ የሺ ፊት አመድ መሰለ፤ ፌስታል ውስጥ አስመለሳቸው። ከመርከቡ ሠራተኞች አንዱ መጥቶ ቁጭ እንዲሉ ጠየቀ። ለመልአክ ቃል እንደገቡ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ፊታቸውን አየና ሁለታችንም የመደገፊያውን ብረት እንድንይዝ ነግሮን መንገድ ለቀቀልን።

«ያዢኝ» አሉኝ።

እሳቸውን ለመደገፍ ሁለት እጅ ያስፈልገኝ ነበር። ክራንቼን አግዳሚው ወንበር ላይ ጣልኩና ያዝኳቸው። ዞርን፣ ዞርን፣ እንደገና ዞርን። ሐሳቤ ሁሉ እንዳይወድቁብኝ ነበር።

ኩዊንስክሊፍ ወርደን፣ ሻይ ጠጥተው ቀለም ሲመለስላቸው፣ እጄን አየሁ። ባዶ ነው። መርከቡ ክራንቼን እንደያዘ ተመልሶ ሄዷል። እኔ ደንግጬ ልጮህ ስል እትዬ የሺ መሬቱ ላይ ወድቀው ሰገዱ፤ ቀና ሲሉ እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር። «ይሂድ! ደግሞ ለእሱ ልትሮጪለት ነው?»

የቀረውን መንገድ በጂሎንግ በኩል ያለ ክራንች ጨርሰን፣ ዌሪቢ ሳውዝ የመጀመሪያው ክር ከታሰረበት ደረስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬን አምኜው አላፈርኩም። እትዬ የሺ ካረፉ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ የሬሳ ሣጥናቸው ወደ መቃብር ሲሄድ ከኋላው በእግሬ ተከትያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼ እያዩኝ የመርከቡን ወለል መዞር ጀመርኩ። በሁለተኛው ዙር ትልቋ ልጄ «ማሚ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ። ማዕበሉ መነሣት ጀምሮ ነበር። ክንዴን ዘረጋሁላት።

«ያዢኝ» አልኳት።

የድንች ጥብሷን ለወንድሟ ሰጥታ ተነሣች።