ለአንዲት ኳስ የተካሄደ ፍልሚያ

ባለቤቴ አስካለ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ከተማ ከገባን ወዲህ የቤዝቦል ነገር አይሆንላትም። ቡድኗ የተሸነፈ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ሐዘን ይቀመጣል ብል አታምኑኝም፤ እኔ ግን ተቀምጫለሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ የምትወደው ተጫዋች የፈረመባት ኳስ ዴንቨር ለጨረታ ቀረበች። "ኳሷን ሳትይዝ ቤት እንዳትመጣ" ብላ ሸኘችኝ። በዚህ የሚስቅ አስካለን የማያውቅ ብቻ ነው።

ጨረታው ሲጀመር ቁጥር የተጻፈበትን ሰሌዳዬን አነሳሁ። ከኋላዬ አንድ ያገሬ ልጅ፣ ጎልማሳ ነው፣ የራሱን አነሳ። ጨመርኩ፤ ጨመረ። ዘወር ብዬ ገላመጥኩት።

"ይተዉ አባባ" አለኝ በለሆሳስ።

"አንተ ተው እንጂ!"

ደሜ ፈላ። እንደገና አነሳሁ፤ እሱም አነሳ።

"አባባ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እጅዎን ያውርዱ።"

ይኼማ ዛቻ ነው አልኩ። ዋጋው ከሮኪ ተራሮች በላይ ወጥቶ ደመና ውስጥ ገባ፤ ላቤ እስከ ጎረቤት ከተማ ሌክውድ ፈሰሰ። በመጨረሻ አቅሜ አለቀና እጄን አወረድኩ። አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ አናቴን የመታኝ መሰለኝ። አስካለን በምን ዓይኔ ላያት ነው?

ሰውየው ከፍሎ፣ ኳሷን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ሊያላግጥብኝ ነው ብዬ ከዘራዬን ጠበቅ አደረግኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ኳሷን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ምንድነው ይኼ?" አልኩት።

"ምን ላድርግ አባባ፣ እምቢ አሉኝ እኮ" አለ ግንባሩን እየጠረገ። "እኔ እያለሁ እርስዎ ሊከፍሉ?"