የመጀመሪያው ሙያ

የያዙኝ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ወሰን በሚባለው ሰፈራችን የቤት ለቤት ፍተሻ ነበርና ፖሊሶች እኛ ግቢም ገቡ። መሣሪያ አላገኙም። ያገኙት ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋ ደብተር ነው። አንደኛው ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ወታደር፣ ደረጃ ሦስት። ካህን፣ ደረጃ ሁለት። ሌባ፣ ደረጃ አራት።»

ቀና ብሎ አየኝና «ጫማህን አድርግ» አለኝ።

ጓደኞቼ ገና አልደረሱም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱም እኔ ቤት ይመጡና እንጫወታለን። ጨዋታው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ ሙያ ይመርጥለታል፣ ከዚያ ዘንዶና ጠንቋይ በሞላበት፣ በሌለ አገር ያዞረዋል። ሕጉን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጉርድ ሾላ ካለው ቢሮዬ ስወጣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር የማስበው እሱን ነበር። በዚያ ሰሞን ያስቸገረኝ ሁለት ሙያ የሚይዝ ገጸ ባሕርይ ነው። ወታደርም ካህንም ልሁን ለሚል ሰው ሁለቱንም ሙሉ ከሰጠሁት ከሁሉም ይበልጣል፤ ካካፈልኩበት ደግሞ ከሁሉም ያንሳል። ከጓደኞቼ አንዷ «ሁለት ወዶ አይሆንም፤ ከልክለውና እንገላገል» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አልተውኩትም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የምትባለው ከበሩ በላይ የተተወች የብሎኬት ቀዳዳ ናት። ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ሰው ሆንን። የላብ፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና ጥጉ ላይ የተቀመጠው ባልዲ ሽታ ተቀበለኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከእንጦጦ ሲወርድ በቀዳዳዋ የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። ያኔ ወሬ ይቆማል። ማንም ዝም በሉ ሳይለን ነው የምናቆመው።

ቦታ የለቀቁልኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ የሚቆልፉ ሰው። ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያጥቡ ድሬሰር ነበሩ። እስር ቤትም ሆነው ሥራቸውን አልተዉም፤ እግሩ የቆሰለ አንድ ሹፌር ነበርና ጠዋት ጠዋት በጨው ውኃ ያጥቡለታል።

«በምን መጣህ?» አሉኝ።

«በጨዋታ።»

አልሳቁም። «እስቲ ንገረኝ» አሉ።

ሰኞ መርማሪ ፊት ቀረብኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝ። ደብተሬ ፊቱ ነበር።

«ዘንዶው ማን ነው?»

«ዘንዶ ነው።»

«ዋሻው ውስጥ የምትገቡት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ» አልኩ ሳላስበው። ጻፈው።

ከዚያ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። አምስቱን ገጸ ባሕርያት በተርታ ጽፏቸዋል። «በእያንዳንዳቸው ፊት ትክክለኛውን ስም ትጽፋለህ። እስከ ረቡዕ አስብበት። ከጻፍክ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።»

ተመልሼ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ጻፍም አትጻፍም አላሉኝም። ማክሰኞ ሹፌሩን አጥበው ሲጨርሱ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያ ባለ ሁለት ሙያ ያልከው» አሉ። «መጀመሪያ ወታደር ሆኖ ኋላ ሐኪም ቢሆን፣ ወታደርነቱ የት ይሄዳል?»

«አይሄድም። ማደጉን ያቆማል እንጂ።»

«እኔ ወጣት ሳለሁ ወታደር ነበርኩ። እንደዚህ ያለ በር ጠብቄያለሁ፤ በውጭ በኩል ሆኜ።» በሩን አዩት። «ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ሁሉ ቁስል አጥቤያለሁ። ዛሬም በር በኃይል ሲመታ ይቺ እጄ የምትፈልገው ፋሻ አይደለም። ሰው ሲደነግጥ ቀድሞ የሚመጣበት የመጀመሪያው ሙያው ነው። ሕግ ካወጣህ ይህን አስገባበት።»

«ታዲያ ሁለተኛው ምን ይጠቅመዋል?»

«ድንጋጤው ሲያልፍለት የሚሠራውን በእሱ ይሠራል።»

ያኔ ይጠብቁት ከነበረው በር ውስጥ ስለነበሩት ሰዎች አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

የቀረውን ቀን ሕጉን ስንሠራ ዋልን። ዳይስ ስለሌለን ሁለታችንም በአንዴ ጣት እናወጣና እንደምራለን። ገጸ ባሕርይው ሲደነግጥ በመጀመሪያው ሙያ፣ ሲረጋጋ በሁለተኛው። ሠራ። ለወራት ያልተፈታልኝ ነገር እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተፈታ። ደስ አለኝ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ረቡዕ እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። በመጀመሪያው ገጸ ባሕርይ ፊት ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። በሁለተኛውም ፊት ስሜን ጻፍኩ። እስከ አምስተኛው ድረስ እንዲሁ ጻፍኩ።

«ትቀልድብኛለህ?» አለ መርማሪው።

«አልቀለድኩም። በሕጉ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ሙያ መያዝ ይችላል።» አስረዳሁት። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠ።

«ይህ ሕግ እዚህ የለም።»

«ትናንት ነው ያወጣሁት።»

ቀና አለ። «ትናንት? ከማን ጋር?»

«ብቻዬን» አልኩ። ግን ዘገየሁ። ምን ያህል እንደዘገየሁ ዛሬም እለካዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ፖሊሱ ጣቱን ወደ አዛውንቱ ቀሰረ። «አንተ ሽማግሌ! ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»

የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ነበር። «ማንን ነው የምትጠራው፣ ልጄ?»

«አንተን ነዋ!» በዱላው በሩን መታው። ቀኝ እጃቸው ስትዘል አየኋት። በግራቸው ያዟትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። አልተነሡም። የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፈው ጠበቁ።

መጀመሪያ ሹፌሩ በአንድ እግሩ ቆመ። ቀጥሎ ሁላችንም ቆምን። የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፖሊሱ አንድ በአንድ አየን፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ይነሱ» አለ ቀስ ብሎ።

«እሺ» ብለው ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ጨዉን አታብዛበት፤ ያቃጥለዋል» አሉኝና ወጡ።

የሹፌሩን እግር እስከምፈታ ድረስ አጠብኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ጓደኞቼን ማንም አልነካቸውም፤ ዕድል ነው ይላሉ። ስለ አምስቱ ስሞች ነግሬያቸዋለሁ። «ትናንት» ስለምትለው ቃል ግን አልነገርኳቸውም። ምናልባት እሳቸውን ሊወስዷቸው ቀድሞም ወስነው ይሆናል። ምናልባትም አይደለም። ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ባለፈው ዓመት ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለውን ክሊኒካቸውን አፈላልጌ አገኘሁት። ያነጋገረችኝ ነርስ ስለ እሳቸው ስጠይቃት መጻፏን አቆመች።

«አንተም ከዚያ ክፍል ነህ?»

«አዎ።»

«አራተኛው ነህ» አለችኝ። «እኛም የሰማነው ነገር የለም። ምናቸው ነህ ልበል?»

«ጎናቸው ነበር የምተኛው» አልኳት። ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ከሦስት ሰዎች ስልክ ሥር የእኔን ጻፈች። ወሬ ከተሰማ እንደምትደውል ነገረችኝ።

ዳገቱን በእግሬ ወረድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አጥፍቼ አላውቅም።