ከማል ተንሸራትቶ አልወደቀም

ዛሬ ጠዋት ከከማል ስልክ ተደወለልኝ። ማን እንደሆነ ሳልሰማ "አላለቀልኝም አልኩህ እኮ፣ አትጨቅጭቀኝ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ሰሚራ" አለች ልጁ። "አባዬ አረፈ።"

"አባትሽ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?" አልኳት። እኔና እሱ እንዲህ ስንቀላለድ ነው የሸበትነው። እሷ ግን አለቀሰች። ከቀትር በኋላ ቀብረነው መጥቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀምጬ፣ አሁንም አላመንኩም።

ደክሞኛል ወዳጆቼ። ያደከመኝ የመቃብሩ መንገድ አይደለም።

ለማታውቁት፣ ከማል ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ አዳማ ያስተማረ መምህር ነው። ጡረታ ሲወጣ ለልጆች፣ ለእነዚያ ለአሥርና ለአሥራ አንድ ዓመቶቹ፣ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። የሁለት ጓደኛሞች ታሪክ ነው፤ አንዱ እሱ፣ አንዱ እኔ። ስማችንን እንኳ አልቀየረም። አስጠርዞ አመጣና ጭኔ ላይ ጣል አድርጎ "ደምሴ፣ አንተ እሺ ካላልክ ማተሚያ ቤት አይገባም" አለኝ።

ይኸው ሦስት ወር። በየጠዋቱ ይደውላል።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ? አነበብክ?"

"ቁመቴን አሳጥረኸዋል፣ አስተካክል።"

"አጭር ነበርክ እኮ!"

"ያንተን አፍንጫስ ለምን ተውከው? ለብቻው አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።"

ይስቃል። በነጋታው ደግሞ ይደውላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የጨረስኩት በሁለት ቀን ነው። እሺ እንዳልል የያዘኝ የሶደሬው ምዕራፍ ነው።

ያኔ ልጆች ነን፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነን ነው። ከማል ለመጀመሪያ ጊዜ ረመዳንን ሙሉውን ልጹም ብሎ ተነሳ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ "ጎበዝ! አንበሳ!" ይለዋል። እኔን ማንም ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ቀናሁ። አንድ ቀን ሶደሬ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለን ሄድን። እኔ እንቦጫረቃለሁ፤ እሱ ከንፈሩ ደርቆ ገንዳው ዳር ተቀምጧል። ከኋላው መጥቼ ገፋሁት።

ዋና አይችልም ነበር። አንድ የማናውቀው ሰውዬ ከነልብሱ ዘሎ ገብቶ አወጣው። ውሃውን ተፍቶ ትንፋሹ ሲመለስ አለቀሰ። ሊሞት ስለነበር እንዳይመስላችሁ። "ጾሜን! ጾሜን አስፈታኸኝ!" እያለ ነው።

ለእናቱ ለእማ ዘይነባ ግን "ተንሸራትቼ ወደቅኩ" አላት።

እኔም ልክሰው ብዬ "ያቺን አንድ ቀን እኔ እጾምልሃለሁ" አልኩት። የመረጥኩት ቀን ዒድ ሆኖ አረፈው! እነሱ ቤት ምግቡ ሲቀርብ አፌን ገጥሜ ቁጭ። እማ ዘይነባ ለልጇ እየጾምኩለት መሆኑን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ኢልማ ኮ! ልጄ! በዒድ ቀን መጾም ሐራም ነው። ደግሞ ጾም በውክልና አይጾምም!" ብላ ጨጨብሳውን በእጇ አጎረሰችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ከልጇ ለይታ አይታኝ አታውቅም። ገፍቼው እንደነበር ሳታውቅ ሞተች።

የልጅ ልጆቼ ይህን ታሪክ ከእኔ ስንት ጊዜ ሰምተውታል። በእኔ አወራር ከማል ይንሸራተታል፤ ዘልዬ የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ለከማል "ተንሸራተትኩ ብለህ ብትጽፈው ምን አለበት?" አልኩት።

"ልጅ አይሸወድም" አለኝ። ያስተማራቸው ሁሉ ያውቋታል ይህቺን አነጋገሩን። "ግን አንተ ካልፈቀድክ አላሳትመውም።"

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም "ገና አላለቀልኝም" እያልኩ ከዛሬ ነገ አልኩት። ጊዜ ያለን መስሎኝ።

ዛሬ ለቅሶው ላይ ሰሚራን ወደ ጥግ ጠራኋት። "ማተሚያ ቤት ስጪው። አንዲት ፊደል እንዳትነኪ።"

"ጨረሱት እንዴ ጋሼ?"

"ከጨረስኩት ቆየሁ።"

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። "አባዬ ያውቅ ነበር እኮ። 'አንብቦታል፣ ፈርቶ ነው፣ ተዪው ራሱ ይመጣል' ይለኝ ነበር።"

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

የልጅ ልጆቼ፣ እዚህ እንደምታነቡኝ አውቃለሁ። ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የገፋሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ሲወጣ እዚያው ታገኙታላችሁ፤ እንደጻፈው።

ከማሌ፣ ፈቅጃለሁ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። አላህ ጀነቱን ይስጥህ ወንድሜ። እኔን በየትኛው በር እንደሚያስገቡኝ እንጃ እንጂ መምጣቴ አይቀርም። እናትህን ስታገኛት የሶደሬውን ነገር አንተ እንዳታነሳባት። እኔው ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ።