የኦቦ ቀጄላ ጉርሻ

የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ሲጻፍ የዲኖቹ ፎቶግራፍ ወጣ፤ ከዚያ ተመርቀው ሚኒስትርና ዳኛ የሆኑትም በየተራ ተወደሱ። የበር ዘበኛው ኦቦ ቀጄላ ግን አንድ ፎቶ ላይ ብቻ፣ ከምሩቃን ኋላ፣ ግማሽ ፊታቸው በሰው ቆብ ተጋርዶ ይታያሉ። መጽሐፉን ሳገላብጥ ተናደድኩ። ከእነዚያ ትልልቅ ሰዎች ስንቱ የወላጁን ሞት የሰማው ከእሳቸው አፍ ነበር!

የቡራዩ ሰው ነበሩ። ሥራቸው በር መክፈትና መዝጋት ሲሆን፣ መርዶ ነጋሪነቱን ማንም አልሾማቸውም። በዚያን ጊዜ ከገጠር የመጣ መልእክተኛ የሚያገኘው የመጀመሪያ ሰው ዘበኛ ነው። ከወለጋ የመጣው ደግሞ በቋንቋው ሲያናግሩት ጊዜ የያዘውን ሁሉ ይዘረግፍላቸዋል። ኦቦ ቀጄላ እንግዳውን ዝም ያሰኙና ቡራዩ ወስደው ቤታቸው ያሳድሩታል። ሚስታቸው አዴ ጠጅቱም ያለ ማጉረምረም ታስተናግዳለች። ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ፈተናውን እስኪጨርስ ድረስ አንድ ቃል አይወጣም።

ከዚያ በኋላ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ የአገሩን ልጆች አስከትለው ወደ መኝታ ቤታችን ይመጣሉ። በእጃቸው ምግብ ይዘዋል። "ያልበላ ሰው መርዶ አይችልም" የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ አስቀድመው ያጎርሳሉ፣ ቀጥሎ ያረዳሉ። እኛ ተማሪዎች የእግራቸውን ኮቴ ስንሰማ ብርድ ልብሳችንን እስከ ግንባራችን እንስብ ነበር። ሰው ስንራገም እንኳ "የኦቦ ቀጄላ ጉርሻ ይድረስህ" እንባባል ነበር።

የሺወርቅ የሱሉልታ ልጅ ናት። ሴት ተማሪ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ከሁላችንም የምትበልጥ ጎበዝ ነበረች። በፈተና ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አጎቷ ኦቦ ደገፋ እያለከለኩ በሩ ላይ ደረሱ። እናቷ ሲነጋጋ አርፋለች፤ ቀብሩ ለከሰዓት ነው።

"ፈተናዋን እንዳላበላሽባት ፈራሁ። አንቱ እንደሚሆን ያድርጉት" አሏቸው።

ኦቦ ቀጄላ እንደለመዱት አደረጉ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ለወለጋ ልጅ የተበጀ ዘዴ ለሱሉልታ ልጅ አይሆንም። የወለጋው ወሬውን ሲሰማ እናቱ ከተቀበረች ሰንብታለች፤ ዝም ቢሉት የሚወስዱበት ነገር የለም። ሱሉልታ ግን ከእንጦጦ ጀርባ ናት፤ አንድ መኪና ቢለመን ልጅቷ ትደርስ ነበር። ይህን አንዳቸውም አላሰቡትም።

በዚያው ጠዋት የሺወርቅ በበሩ ስታልፍ እንደ ወትሮዋ እንዴት አደሩ ለማለት በኦሮምኛ፣ "አከም ቡልተን፣ ኦቦ ቀጄላ" አለች።

"ነጋ፣ በሰላም ነው፣ ልጄ። በርቺ፣ ፈተናሽን በደንብ ሥሪ!"

ፈተናው ሲያልቅ ጉርሻው መጣ። ከአጃቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። የሺወርቅ አላለቀሰችም።

"መቼ ተቀበረች?" አለች።

"ሰኞ" አሉ ኦቦ ቀጄላ።

"ሰኞ በዚህ በር ሳልፍ በርቺ ብለውኛል።"

"ለአንቺው ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"ለቀባሪው አረዱት ሲባል ሰምቻለሁ። እኔን ግን እንዳልቀብር አድርገው አረዱኝ።"

እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ በበሩ ስታልፍ ራሷን ነቅነቅ ከማድረግ በቀር ድምጿን አላሰማቻቸውም። ፈተናውን በአንደኝነት አለፈች፤ ስትመረቅም የሴቶች መኝታ ቤት ኃላፊ ሆና እዚያው ቀረች። እኔም በአስተማሪነት ቀረሁ። አንድ ቀን ኦቦ ቀጄላ፣ "ፈተናዋን አተረፍኩላት፣ ሰላምታዋን አጣሁ" አሉኝ። አሳዘኑኝ።

ከዓመታት በኋላ በምረቃ በዓል ቀን፣ ኦቦ ቀጄላ አዲስ ካፖርታቸውን ለብሰው የእንግዳ መኪና ሲያስገቡ፣ የቡራዩ ጎረቤታቸው በቀለች በጓሮ በር ዞራ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ወጉን ታውቃለችና ኦቦ ቀጄላን ሸሽታ ነው። ታማ የከረመችው አዴ ጠጅቱ ጠዋት አርፋ፣ ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል።

ጸሐፊው ጥቂት አሰበና፣ "በዓሉ ይለፍ። ደህና ምሳ ይብሉና ማታ ይነገራቸዋል። ይህን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው" አለ። በክፋት አልነበረም። ከየሺወርቅ በቀር እዚያ የነበርነው ሁላችንም በእሺታ ራሳችንን ነቀነቅን፤ ምግብ የሚያመጣም ሰው ተላከ።

የሺወርቅ ብድግ አለች። አንዱን ሾፌር መኪና እንዲያስነሳ አዝዛ፣ ካባዋን እንደለበሰች በእንግዶቹ መሀል አቋርጣ ወደ በሩ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

"ኦቦ ቀጄላ፣ አዴ ጠጅቱ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መኪና አስነስቻለሁ፤ ይድረሱላቸው።"

በጠራራ ፀሐይ፣ በቁማቸው፣ በባዶ ሆዳቸው! ያየው ሁሉ ነውር ነው አለ። እሳቸው ግን የበሩን ቁልፍ ከካፖርታቸው ኪስ አወጡ።

"ቁልፉስ?" አሉ።

እጇን ዘረጋች። በዓሉ እስኪያበቃ ድረስ በሩን የከፈተችውና የዘጋችው እሷ ናት። ኦቦ ቀጄላም ደርሰው ሚስታቸውን በእጃቸው አፈር አለበሱ።

ከሐዘን ሲመለሱ የሺወርቅ ቁልፉን አስረከበቻቸውና፣ "አከም ቡልተን" አለቻቸው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በተከታዩ የፈተና ወቅት ተማሪዎች አቀርቅረው ሲጽፉ የአዳራሹ በር ተንኳኳ። ፈታኙ እኔ ነበርኩ። ተቆጥቼ ስከፍት ኦቦ ቀጄላ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ አቧራ የጠጣ ገበሬ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ያለቅሳል። በእጃቸው ምንም ምግብ አልያዙም።

"ኦቦ ቀጄላ፣ ፈተና ላይ ነን እኮ!" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሰንዳፋ ግን ቅርብ ነው። ልጁን ጥራልኝ።"